ፖርት «ፐብሊሽ» ማድረግ ምንድን ነው?

በዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባሉ ክፍሎች ለይቶ በሚያሠራው ሶፍትዌር) ሁለት ኮንቴይነሮች አልገናኝ ባሉ ቁጥር «ፖርቱን ፐብሊሽ አድርገው» የሚል ምክር ይሰጣል፤ ፖርት ፕሮግራሙ በኔትወርክ ላይ የሚጠራበት ቁጥር ነው። ሰሞኑንም አንድ ባለሙያ፣ በቤት ሰርቨሩ ላይ ኔክስትክላውድ (የፋይል ማከማቻ ፕሮግራም) ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ጋር አልገናኝ ላለው ሰው ይህንኑ በሙሉ ልብ ሲመክሩ አየሁ። ምክሩ ስሕተት ነው፤ መዘዙም ቀላል አይደለም።

ፐብሊሽ ማድረግ ማለት ከኮንቴይነሩ ኔትወርክ ውጭ ያለ ሁሉ በሆስቱ (ዶከር በሚሠራበት ማሽን) አድራሻ በኩል ወደ ኮንቴይነሩ የሚገባበትን መንገድ ማውጣት ነው። በአንድ ኔትወርክ ላይ ያሉ ኮንቴይነሮች እርስ በርስ ለመነጋገር አያስፈልጋቸውም። በአንድ ግቢ ሰርቪስ ክፍሎች የሚኖሩ ተከራዮች ጨው ለመበዳደር አስፋልት ድረስ ወጥተው በዋናው በር ተመልሰው አይገቡም፤ በጓሮ ተጠራርተው ይቀባበላሉ። ጓሮው ዶከር ኮንቴይነሮችን እርስ በርስ የሚያያይዝበት ብሪጅ ኔትወርክ ነው። ኮምፖዝ (ብዙ ኮንቴይነሮችን ከአንድ ፋይል የሚያስነሳው የዶከር መሣሪያ) ይህን ኔትወርክ ራሱ ይፈጥራል፤ በ127.0.0.11 ላይ የሚገኘው የዶከር ዲኤንኤስም (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት) እያንዳንዱን ኮንቴይነር በኮምፖዝ ፋይሉ ውስጥ በተሰጠው የሰርቪስ ስም ያገናኛል። ዶከር ሲጫን አብሮ የሚመጣው ነባሪ ብሪጅ ግን ይህ የስም አገልግሎት ስለሌለው፣ ያለ ኮምፖዝ የሚሠራ ሰው የራሱን ኔትወርክ ቢፈጥር ይሻለዋል።

የጠያቂው ትክክለኛ ችግር የዳታቤዙን አድራሻ «ሎካልሆስት» ብሎ መጻፉ ነበር። በኮንቴይነር ውስጥ ሎካልሆስት ኮንቴይነሩ ራሱ ነው፤ ጎረቤቱን ፈልጎ የራሱን ክፍል በር እንደሚያንኳኳ ተከራይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ፖርቱ ፐብሊሽ ቢደረግም ኔክስትክላውድ ዳታቤዙን አያገኘውም፤ የሚያገኙት ዋይፋዩን የሚጋሩ ስልኮችና ላፕቶፖች ናቸው።

ይህን ስናገር «ጠያቂው 5432ን (የፖስትግሬስን ፖርት) በዩኤፍደብሊው ዘግቶታል» የሚል መልስ ተሰጠኝ፤ ዩኤፍደብሊው የሊኑክስ ፋየርዎል ማስተካከያ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ እምነት ነው። ዶከር በአይፒቴብልስ (ሊኑክስ ፓኬቶችን በሚያጣራበት የደንብ ሥርዓት) ውስጥ የራሱን ደንቦች ይጽፋል፤ የመጣው ፓኬት መድረሻው ገና በመግቢያው ላይ ወደ ኮንቴይነሩ ስለሚቀየር ወደ ሌላ በሚተላለፉ ፓኬቶች የደንብ ሰንሰለት፣ በፎርዋርድ፣ ያልፋል እንጂ ዩኤፍደብሊው እገዳውን ወደጻፈበት፣ ለሆስቱ ለራሱ የሚመጡት ወደሚጣሩበት ኢንፑት አይደርስም። ዘበኛው በትልቁ ቤት ደጃፍ ቆሟል፤ ዶከር ግን ከአጥሩ ላይ ሌላ በር አውጥቶ እንግዳውን በቀጥታ ወደ ሰርቪሱ ያስገባዋል። ማጣራት የሚፈልግ ሰው ደንቡን «ዶከር-ዩዘር» በተባለው ሰንሰለት ውስጥ መጻፍ አለበት።

ይህ የሚሠራው በሊኑክስ ላይ በሩት (በሙሉ አስተዳዳሪ) መብት ለሚሄድ ዶከር ነው። ኮንቴይነሩ የሆስቱን ኔትወርክ በቀጥታ በሚጠቀምበት የሆስት ኔትወርክ ሞድ ተከራዩ ትልቁ ቤት ስለገባ ዘበኛው ያየዋል፤ ያለ ሩት መብት የሚሄደው ሩትለስ ዶከር ደግሞ ሌላ አሠራር አለው።

ዳታቤዙን የሚጠቀመው ሌላ ኮንቴይነር ብቻ ከሆነ «ሎካልሆስት» በሚለው ፈንታ የዳታቤዙን የሰርቪስ ስም መጻፍና የፖርቱን መስመር ከኮምፖዝ ፋይሉ ማጥፋት ይበቃል። ሆስቱ ራሱ ከፈለገው 127.0.0.1:5432:5432 ተብሎ ይጻፍ፤ ነገር ግን ከ28.0.0 በፊት በነበሩት የዶከር ስሪቶች በዚሁ የቤት ኔትወርክ ላይ ያለ ሌላ ማሽን ይህንንም ማለፍ ይችል ነበርና ስሪቱን ማዘመን ይገባል። ከዚያ የሚሠሩትን ኮንቴይነሮች የሚዘረዝረው «ዶከር ፒኤስ» ትእዛዝ ሲታይ 0.0.0.0:5432 (በሆስቱ አድራሻዎች ሁሉ ክፍት ማለት ነው) የሚለው መጥፋት አለበት። 5432/ቲሲፒ ብቻ ቢቀር፣ እርሱ ኢሜጁን (ኮንቴይነሩ የሚነሳበትን ቅጂ) የሠራው ሰው በ«ኤክስፖዝ» የተወው ማስታወሻ ነው፤ የሚከፍተው በር የለም።