ዘንበል ባለ አልጋ ላይ መተኛትና ቫሪኮስ ቬይን

ቫሪኮስ ቬይን በእግር ቆዳ ሥር አብጠውና ተጠማዘው የሚታዩ ደም መልስ ሥሮች የሚጠሩበት ስም ሲሆን፣ ስያሜው የሚሰጠው ሰውዬው ቆሞ ሳለ ሥሩ 3 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሲሰፋ ነው። አልጋን አዘንብሎ መተኛት ለዚህ ሕመም ይጠቅም እንደሆነ ሲጠየቅ በቅድሚያ መለየት ያለበት ከፍ የሚለው የትኛው ጫፍ እንደሆነ ነው። ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ሲመክሩ የኖሩት ግርጌን ከፍ ማድረግን ሲሆን፣ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ራስጌን ከፍ ማድረግ ይፈውሳል የሚሉ ሰዎች ተነሥተዋል።

የእግር ደም ወደ ልብ የሚመለሰው ሽቅብ ነው። በደም መልስ ሥሮች ውስጥ ያሉት ትናንሽ ክዳኖች ደሙ ወደ ታች እንዳይመለስ ያግዱታል፤ የባት ጡንቻ ደግሞ በእርምጃ ቁጥር ሥሮቹን እየጨመቀ ወደ ላይ ይገፋዋል። ቀጥ ብሎ በቆመ ሰው ቁርጭምጭሚት ላይ የደም መልሱ ግፊት ከ80 እስከ 90 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ጤነኛ ሰው ሲራመድ ይህ ግፊት ከ30 በታች ይወርዳል፤ ክዳኖቹ በማይገጥሙበት ሰው ላይ ግን እምብዛም አይቀንስም፤ ሥሩም እየሰፋ ይሄዳል።

ስለ ክዳኖቹ ያለው እውቀት ረጅም የምርምር ታሪክ አለው። ጣሊያናዊው የአካል ክፍሎች ሊቅ ፋብሪሲየስ በ1603 ስለ እነርሱ የተለየ ድርሳን አሳተመ፤ የእርሱ ተማሪ የነበረው እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቬይ ደግሞ በ1628 የደምን ዝውውር ሲያስረዳ ክዳኖቹን ከዋና ማስረጃዎቹ አንዱ አደረጋቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፍሪድሪሽ ትሬንደለንበርግ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ምርመራ አስተዋወቀ። ታካሚው ተኝቶ እግሩን ወደ ላይ ሲያነሣ ያበጡት ሥሮች ባዶ ይሆናሉ፤ ከዚያ ጭኑ ላይ ሥሩ ታስሮ እንዲቆም ይደረግና ማሰሪያው ይፈታል። ክዳኑ ከተበላሸ ደሙ ወዲያው ከላይ ወደ ታች ወርዶ ሥሩን ይሞላዋል። ይህ ቀላልና ብልህ ምርመራ የተያዘውን ጥያቄ በአብዛኛው ይመልሰዋል፤ እግርን ከፍ ማድረግ ሥሩን በእርግጥ ያራግፈዋል፣ ክዳኑን ግን አይጠግነውም።

የዝንባሌው መጠን ሲሰላም ነገሩ ግልጽ ይሆናል። 2 ሜትር ርዝመት ያለው አልጋ በአንድ ጫፉ 15 ሴንቲሜትር ከፍ ቢል ዝንባሌው ከ4 ዲግሪ ትንሽ ይበልጣል፤ ከልብ እስከ ቁርጭምጭሚት 1.2 ሜትር ቢሆን ደግሞ በሁለቱ መካከል የ9 ሴንቲሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት ይፈጠራል፤ ይህም ወደ 7 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይጠጋል። ከፍ ያለው ግርጌ ከሆነ የቁርጭምጭሚቱ ግፊት በዚህ መጠን ይቀንሳል፤ ራስጌ ከሆነ በዚያው መጠን ይጨምራል። ሁለቱም ከመቆም ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው፤ ሆኖም የሚቆዩት ሌሊቱን ሙሉ ነው።

የግርጌው ልማድ ማስረጃ አለው። በ1994 የታተመ አንድ ጥናት ደም መልስ ሥሮቻቸው በደከሙ ታካሚዎች ላይ እግር ከልብ በላይ ከፍ ሲል በቆዳው ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ የሚያልፈው የደም ፍሰት እንደሚጨምር አሳይቷል። ጠዋት እብጠቱ መቀነሱና የእግር ክብደት መቅለሉም በታካሚዎች ዘንድ የታወቀ ነው። የተሻለው አሠራር ከግርጌ በኩል ባሉት የአልጋው እግሮች ሥር ጠንካራ ድጋፍ ማስገባት ነው፤ ባት ሥር ብቻ የሚገባ ትራስ ጉልበትን ያለ ድጋፍ ይተወዋል።

ራስጌን ከፍ የማድረግ ሐሳብ አራማጆች የስበት ኃይል የሰውነትን ፈሳሽ ዝውውር ያግዛል፣ በሳምንታትም ውስጥ ያበጡ ሥሮች ይሟሽሻሉ ይላሉ፤ ለዚህም የበፊትና የኋላ ፎቶግራፎችን ያቀርባሉ። ቅን ምስክርነት የሰጡ ሰዎች መኖራቸው አይካድም። ነገር ግን የሥሩ መልክ እንደ ቀኑ ሰዓት፣ እንደ ሙቀቱና ከፎቶው በፊት ተቁሞ እንደቆየበት ጊዜ ስለሚለዋወጥ ፎቶግራፍ ብቻውን ብዙ አያስረዳም። ከፍ ያለ ራስጌ በሕክምና ቦታው ሌላ ነው፤ የጨጓራ አሲድ ሌሊት ወደ ላይ ለሚመለስባቸውና ሲነሡ የደም ግፊታቸው ለሚወርድባቸው ሰዎች ይታዘዛል። በእነዚህ በኋለኞቹ ላይ ሰውነት ሌሊት ጨውና ውኃ በሽንት ማስወጣቱን ይቀንሳል፤ የቁርጭምጭሚት እብጠትም አንዳንዴ አብሮ ይመጣል፤ ይህ ለቫሪኮስ ቬይን ታካሚ የሚመኙለት ነገር አይደለም።

የተበላሸውን ሥር ከዝውውር የሚያወጡት በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት መዝጋት፣ አረፋ መሰል መድኃኒት በመርፌ መስጠትና ቀዶ ሕክምና ናቸው።

ግርጌን ከፍ ማድረግም ለሁሉም አይሆንም። የደም ቅዳ ሥሮቻቸው የጠበቡ ሰዎች እግራቸው ከፍ ሲል ሕመማቸው ሊብስ ይችላል፤ የልብ ድካም ያለባቸውም ትንፋሽ ሊያጥራቸው ስለሚችል አስቀድመው ሐኪም ማማከር አለባቸው። አንድ እግር በድንገት ቢያብጥና ቢያም የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል አልጋ እያስተካከሉ መጠበቅ አይገባም። ያበጠ ሥር ፈንድቶ ሲደማ ግን ወዲያው ተኝቶ እግርን ከልብ በላይ ማንሣትና የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን የመጀመሪያው ርዳታ ነው።