ኤች-ኢንዴክስ ምንድን ነው?

አንድ የካንሰር ተመራማሪ ኤች-ኢንዴክሱ 60 ስለደረሰ ያወጣው የደም ምርመራ አስተማማኝ ነው የሚል ክርክር በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ሁለቱን ዝም ብዬ አለፍኩ። ሦስተኛው ተከራካሪ ግን «ቁጥር አይዋሽም» ብሎ ደመደመ፤ እሱን ማለፍ አቃተኝ።

የኤች-ኢንዴክስ ትርጉም አጭር ነው፤ የአንድ ተመራማሪ ጽሑፎች በሌሎች ጽሑፎች ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚቆጥር መለኪያ ነው። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት፣ ነገር ግን 21 ጊዜ የተጠቀሱ 21 ጽሑፎች የሌሉት ተመራማሪ ኤች-ኢንዴክሱ 20 ነው። መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎው የፊዚክስ ሊቅ ሆርሄ ኸርሽ ነው።

ስህተቱ ያለው «መጠቀስ» የሚለውን ቃል በምንረዳበት መንገድ ላይ ነው። ታላቅን ሰው «ስመ ጥር» የምንል ሰዎች ነንና ስሙ ብዙ የተጠራ ሁሉ የተመሰገነ ይመስለናል። ችሎትን አስቡ። እዚያ ከሳሽም፣ ተከሳሽም፣ ምስክርም ስሙ ይጠራል። ጉዳዩ ይግባኝ በተባለበት ቁጥር ደግሞ ያው ስም እንደገና ይጠራል። በር ላይ የቆመ ሰው የጥሪውን ብዛት ቆጥሮ ሊመዘግብ ይችላል፤ ማን እንደተረታ ግን ከመዝገቡ አያገኝም። በምርምር ዓለም ደግሞ ባለጉዳዩ ራሱ የራሱን ስም መጥራት ይችላል፤ ቆጣሪውም ይመዘግብለታል። ከዚህ የባሰም አለ፦ በስህተት ወይም በማጭበርበር ምክንያት ከጆርናል የተሰረዘ ጽሑፍ ከተሰረዘ በኋላም ሲጠቀስ ይኖራል።

በእኛ በካንሰር ምርመራ ሙያ ይህ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ፣ ከደም ፕሮቲኖች ንድፍ (የትኞቹ በምን ያህል መጠን እንዳሉ) የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማፍሪያ) ካንሰርን የሚለይ ዘዴ ታተመ። በሙከራው 50ውንም ታማሚዎች ለየ፤ ካንሰር ከሌለባቸው 66 ሴቶች መካከልም 63ቱን በትክክል ነፃ አለ። ካንሰር አለባቸው ካላቸው ሴቶች 94 በመቶው በእርግጥም ታማሚዎች ነበሩ። ጽሑፉ በየቦታው ተጠቀሰ።

ግን ከ116ቱ ሴቶች 50ው ታማሚዎች ነበሩ። ከቤታቸው ለምርመራ በሚመጡ ሴቶች መካከል እንዲህ ያለ መጠን የለም። ካረጡ ሴቶች በአንድ ወቅት በሽታው ያለባት ከ2,500 አንዲት ያህል ናት የሚለውን የተለመደ ግምት እንያዝ። ከ66 ሦስቱን የሚያሳስት ምርመራ በ2,500 ሴቶች ላይ ሲሠራ አንዷን ታማሚ ያገኝ ይሆናል፤ ከእሷ ጋር ግን ከ110 በላይ ካንሰር የሌለባቸውን ሴቶች አለባችሁ ይላቸዋል። እነዚህ ሴቶች ቁርጡን ለማወቅ ወደ ቀዶ ሕክምና ሊሄዱ ይችላሉ። የ94 በመቶው ዋጋ ወደ አንድ በመቶ ግድም ይወርዳል ማለት ነው፤ መሣሪያው ሳይለወጥ፣ የተመርማሪው ሕዝብ ብቻ ተለውጦ።

ሌሎች ባለሙያዎች ይህንኑ ጽፈው ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ለሕዝብ የተለቀቀውን መረጃ እንደገና ያሰሉ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ውጤቱን መድገም አልተቻለም፣ የታየውም ልዩነት ከበሽታው ሳይሆን ከናሙናው አያያዝና ከመሣሪያው አስተካከል የመጣ ሊሆን ይችላል አሉ። ዘዴውን ለገበያ ለማብቃት የተደረገው ጥረትም ሳይሳካ ቀረ። ታዲያ እያንዳንዱ ተቃውሞ ያንኑ የ2002 ጽሑፍ መጥቀስ ነበረበት። ቆጣሪው ተቃውሞውን ከድጋፍ ጋር ደምሮ ይዞታል። ቁጥሩ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ብቻ መለሰ። «ቁጥር አይዋሽም» ያለው ሰው ቁጥሩን ያልተጠየቀውን ነው ያስመለሰው።

የደራሲዎች ጉዳይም አለ። በሕክምና ጽሑፎች መጀመሪያ የሚሰፍረው ስም ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሠራው ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ ቡድኑን የሚመራው። ኤች-ኢንዴክስ ሁሉንም እኩል ይቆጥራል። የብዙ ማዕከላት ጥምረት አባል የሆነ ሰው በመቶ ደራሲያን መሃል ስሙ እየገባ ከፍ ይላል። የታማሚውን ናሙና ስላይድ በማይክሮስኮፕ ያነበበው ፓቶሎጂስት (የበሽታ መርማሪ ሐኪም)፣ ያለ እሱ ጥናቱ እንደማይኖር እያወቅን፣ አንዳንዴ ምስጋና ላይ ብቻ ይቀራል። ይህ የሚያናድደኝ ስለ ባልደረቦቼ ክብር ብቻ አይደለም፤ አንባቢው ስላይዱን ማን እንዳነበበና ሁለተኛ ሰው እንዳረጋገጠው ማወቅ ስላለበትም ጭምር ነው።

ኤች-ኢንዴክስ ምንም አይጠቅምም አላልኩም። በአንድ ዘርፍ፣ በተቀራራቢ ዕድሜ ላይ ያሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሥራቸው ምን ያህል እንደተዳረሰ በግርድፉ ያሳያል። ነገር ግን ቁጥሩ ጥቅሶቹን እንደሚቆጥረው መረጃ ቋት ይለያያል፤ ጉግል ስኮላር ከስኮፐስ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ይሰጣል። በዚያ ላይ ከዕድሜ ጋር ይወጣል እንጂ አይወርድም። ኸርሽ ራሱም እ.ኤ.አ. በ2020 መለኪያው ያልታሰበ ብርቱ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ጽፏል።

ለዚያ ተከራካሪ የምመልስለት በጥያቄ ነው። ደሙ የተወሰደው ከማን ነው? በሽታቸው አስቀድሞ ከታወቀና ከፍጹም ጤነኞች ነው ወይስ ምልክት አይተው በተራ ከመጡ ሰዎች? ውጤቱን ያነበበው ሰው ማን ታማሚ እንደሆነ ያውቅ ነበር? ከቡድኑ ውጭ የሆነ ማን፣ በየትኞቹ ሰዎች ላይ ደገመው? መልሱ ያለው በዚያው ተመራማሪ ጽሑፍ የዘዴ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሁለት ገጽ ቢሆን ነው።