የፍንዳታ ጉድጓድ ምርመራ ምንድን ነው?

«የጉድጓድ ምርመራው ተኳሹን አጋልጧል።» ከተማ ውስጥ ቅምቡላ ወድቆ ሰው ባለቀ ቁጥር ይህች ወሬ ትነሳለች። ተቃራኒዋም አትጠፋም፤ «መርማሪዎቹ ራሳቸው ማን እንደተኮሰ አላወቁም፣ ስለዚህ የሟቾቹ ወገን የገዛ ሕዝቡ ላይ ተኩሷል» ትላለች። ምርመራው ቅምቡላ ፈንድቶ የተወውን ጉድጓድ አጥንቶ ከየት እንደተተኮሰ መፈለግ ነው፤ ሁለቱም ወሬዎች ግን ጉድጓዱ ያላለውን ያስብሉታል። ይበልጥ የምታበሽቀው ግን ሁለተኛዋ ናት፤ የጠንቃቃ ሰው ንግግር መስላ ትመጣለች።

ጉድጓዱ በደንብ የሚናገረው አቅጣጫን ነው። የሞርታር ቅምቡላ አፍንጫውን ወደፊት ደፍቶ፣ ጅራቱን ወደ ተኳሹ አዘንብሎ ስለሚወድቅ ፍንጣሪው በዙሪያው እኩል አይበተንም። በተኳሹ በኩል ያለው ጠርዝ በፍንጣሪ ክፉኛ ይቧጨራል፤ በማዶ ያለው ወደ ታች ይሸረሸራል። መርማሪው አቧራውን በብሩሽ ጠርጎ ጭረቶቹን በጠመኔ ያደምቃል፤ ግራና ቀኙን እኩል የሚከፍለውን መስመር በሲባጎ ወጥሮ በኮምፓስ ያነባል። ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው። ከጎን የቆመ መኪና፣ ኮንክሪት ውስጥ ያለ ፌሮ፣ የገበያ መደብ ብረት መርፌዋን ይስቧታል። ስለዚህ ፈቀቅ ብሎ፣ በተለያየ ሰው እጅ፣ ደጋግሞ መለካት ነው። ጥሩ ልኬት እንኳ ስህተት አለው፤ ወዲህና ወዲያ 5 ዲግሪ ማለት 5 ኪሎሜትር ርቀት ላይ በየጎኑ ከ400 ሜትር በላይ ነው።

በቃሊቲ በኩል አዲስ አበባ የገባ አውቶቡስ አስቡ። በየት በኩል እንደገባ አይታችኋል። ከደብረ ዘይት ይነሳ ከአዳማ ግን መግቢያው አይነግራችሁም። (ሐዋሳን ተዉት፤ ቅምቡላ ሞጆ ላይ አይታጠፍም።) ክርክሩ ከሞጆ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ ከሆነ ደግሞ ቃሊቲ ላይ የቆመ ምስክር ብቻውን አይፈታውም። አውቶቡሱ ስንት ነዳጅ ቀድቶ እንደወጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

በቦስኒያ ጦርነት ጊዜ በዋና ከተማዋ በሳራዬቮ የተፈጠረው የማርካሌ ገበያ ጉዳይ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1994 እኩለ ቀን አለፍ ሲል አንድ የ120 ሚሊሜትር ቅምቡላ ገበያው መሀል ወድቆ ከ60 በላይ ሰው ገደለ፣ ከ140 በላይ አቆሰለ። የአካባቢው ባለሙያዎች የለኩት አቅጣጫ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 18 ዲግሪ፣ ወዲህና ወዲያ 5 ዲግሪ ነበር። በዚያ መስመር የጦር ግንባሩ ከገበያው ከ2 ኪሎሜትር በላይ ይርቃል፤ ከግንባሩ ወዲህ የቦስኒያ መንግሥት ጦር፣ ወዲያ የቦስኒያ ሰርቦች ጦር። የተመድ የባለሙያ ቡድን ከቀናት በኋላ መርምሮ ርቀቱን መወሰን ስላልተቻለ ከሁለቱም ወገን ሊተኮስ ይችል ነበር አለ።

«ተመድ ራሱ አላወቀም» የሚለው ተከራካሪ እዚህ ላይ ያቆማል። ቡድኑ ያለው «በእጄ ባለው ልኬት ርቀቱን መወሰን አልችልም» ነው። የደረሰው ጉድጓዱ ከተነካካና ተቀብሮ የነበረው የቅምቡላው ጅራት ከወጣ በኋላ ስለሆነ የአወዳደቁን ማዕዘን በሚያስተማምን መንገድ መለካት አልቻለም። ይህ የአንድ መለኪያ ጉድለት እንጂ ለማንም ነፃ መውጫ አይደለም።

ርቀት የሚገኘው ከማዕዘኑና ከፍጥነቱ ነው። ሞርታር ተጨማሪ ባሩድ በደረጃ ይጨመርለታል፤ ለአንድ የአወዳደቅ ማዕዘን እያንዳንዱ የባሩድ ደረጃ የየራሱን ርቀት ይሰጣል። ማርካሌ ላይ ዝቅተኛው ደረጃ ከግንባሩ ወዲህ ያስቀምጣችኋል፣ ከፍተኛው ወዲያ። ጅራቱ ዋጋ ያገኘውም ለዚህ ነው። ቅምቡላ ሲፈነዳ ጅራቱን ወደመጣበት ይወረውረዋል። በዝግታ የወደቀ ከሆነ ጅራቱ ወደኋላ ተስፈንጥሮ ይቀራል፤ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ከተገኘ ግን የወደቀበት ፍጥነት ያንን ግፊት አሸንፏል ማለት ነው። ፍጥነት ደግሞ ባሩድ ነው፣ ባሩድም ርቀት። ማርካሌ ላይ ጅራቱ የተገኘው ተቀብሮ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ስሌቱ ላይ የተከሳሹ ጠበቆች አጥብቀው ተከራክረዋል፤ ቅምቡላው የገበያ መደቦቹን ጣራ ነክቶ ከሆነ ማዕዘኑም ይዛባል የሚለው ጥያቄም ከንቱ ጥያቄ አልነበረም።

የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ዓለም አቀፍ የወንጀል ችሎት ሳራዬቮን ከብቦ በነበረው የቦስኒያ ሰርቦች ኮር አዛዥ በስታኒስላቭ ጋሊች ጉዳይ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 የሰጠው ውሳኔ በአንድ ጉድጓድ ላይ አልቆመም። አቅጣጫውን፣ ጅራቱን፣ የተኩስ ድምፅ የሰሙ ምስክሮችን፣ ያ ሰፈር ከዚያ በፊት እንዴት ሲደበደብ እንደነበር አንድ ላይ አየ። አብላጫው ቅምቡላው ከሰርቦቹ ይዞታ ተተኮሰ አለ፤ አንድ ዳኛ ተለየ። ይግባኝ ሰሚው ድምዳሜውን አጸናው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቅጣቱን ከ20 ዓመት ወደ ዕድሜ ልክ ከፍ አደረገ።

ስብርባሪው ላይ ያለ የፋብሪካ ምልክት የታርጋ ያህል ነው፤ የት እንደተመዘገበ እንጂ ዛሬ ከየት እንደተነሳ አይናገርም። በቦስኒያ ሁለቱም ወገኖች ከዩጎዝላቪያ ጦር ግምጃ ቤት የወጣ ጥይት ይተኩሱ ነበር። ከተኳሹ ይዞታ ወደ አዛዡ ለመድረስ ደግሞ የእዝ ሰንሰለት፣ ሪፖርትና ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ ጋሊች የተከሰሰው የኮሩ አዛዥ ስለነበረ ነው እንጂ ሞርታሩ አጠገብ ታይቶ አይደለም።

ስለዚህ የምርመራ ሪፖርት ስታነቡ መጀመሪያ ጅራቱን ፈልጉ፤ ማን ነቀለው፣ መቼ፣ ከመነቀሉ በፊት ከጎኑ ማስመሪያ ተቀምጦ ፎቶ ተነስቷል ወይ? በስንት ሴንቲሜትር ጥልቀትና በምን ማዕዘን እንደተቀበረ አንዴ ከተነቀለ በኋላ መልሶ መለካት አይቻልም።