ቦክሰኛና አርአያነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ስለ ቦክሰኞች ጠባይ ሲወራ ተደጋግመው የሚነሱ አባባሎች አሉ። አንዳንዶቹ ስፖርቱን ይበድላሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ጥፋተኛውን ከተጠያቂነት ያስመልጣሉ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«በቡጢ የሚተዳደር ሰው በባሕርዩ ጠበኛ ነው»

ቦክስ ንዴትን አይሸልምም። ከቀበቶ በታች፣ ማጅራት ላይ ወይም የወደቀን ሰው መምታት ክልክል ነው። ማይክ ታይሰን በ1997 የተጋጣሚውን የኢቫንደር ሆሊፊልድን ጆሮ ሲነክስ ከውድድሩ ተባረረ፤ የአሜሪካዋ ኔቫዳ ግዛት የስፖርት ኮሚሽን የቦክስ ፈቃዱን ነጥቆ 3 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረው ቪታሊ ክሊችኮ ደግሞ ዶክትሬት አለው፤ በ2014 የኪየቭ ከንቲባ ሆኖ ተመርጧል።

«ከግጥሚያ በፊት የሚወረወር ስድብ ቲኬት ለመሸጥ ነው፤ ማንንም አይጎዳም»

አጥብቄ የምቃወመው ይህን ነው። መሐመድ አሊ በ1967 ለቬትናም ጦርነት አልዘምትም ብሎ የሻምፒዮንነት ቀበቶውንና የቦክስ ፈቃዱን ሲነጠቅ ሌላው የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ጆ ፍሬዘር ገንዘብ አበድሮታል፤ ወደ ሪንግ እንዲመለስም ተሟግቶለታል። አሊ ግን ተመልሶ ሊገጥመው ሲል የነጮች አሽከር እያለ አዋረደው። በ1975 በፊሊፒንስ ከተማ ማኒላ ለሚያደርጉት ግጥሚያ ሲዘጋጁ ደግሞ «ጎሪላ» አለው፤ የጎማ የጎሪላ አሻንጉሊት ከኪሱ አውጥቶ በጋዜጠኞች ፊት በቡጢ ይደበድብ ነበር። አንድ ጥቁር ሰው በሌላው ጥቁር ላይ ይህን ስድብ ሲያነሳ ሕዝቡ ሳቀ። ፍሬዘር ለብዙ ዓመታት ቂሙን አልደበቀም። አሊ በ2001 በጋዜጣ ይቅርታ ሲጠይቅ ሁሉም ግጥሚያውን ለማስተዋወቅ እንደነበር ተናገረ። ቲኬቱ ተሸጦ ካለቀ ከ25 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

«አርአያ ማለት ጨዋ፣ አንገቱን የደፋ ሰው ነው»

ይሄ ጨዋነት ለማን ሲባል እንደሚጠየቅ ማየት ያስፈልጋል። ጃክ ጆንሰን በ1908 የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። እንደ ልቡ በመኖሩና ነጭ ሴቶችን በመውደዱ ተጠላ፤ በ1913 ነጮች ብቻ የተቀመጡበት የዳኝነት ሸንጎ ጥፋተኛ አለው። ምሕረት የተደረገለት በ2018፣ ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው ጆ ሉዊስ ተጋጣሚውን ጥሎ እንዳይፈነድቅ፣ ከነጭ ሴት ጋርም ፎቶ እንዳይነሳ በአሠልጣኞቹና በአስተዳዳሪዎቹ ተመክሯል። የመጀመሪያው ምክር ለማንኛውም ስፖርተኛ ይበጃል፤ ሁለተኛው ግን ለዘረኝነት መገዛት ነበር። ፍሬዘርን ያዋረደው አሊ ራሱ በ1967 «አልዘምትም» ማለቱ በብዙዎች ዘንድ እንደ ብልግና ተቆጥሮበት ነበር። እኔ የምኮራው በዚያ አሊ ነው፤ በማኒላው አሊ አልኮራም።

«ዋናው ሪንጉ ነው፤ የቤቱ ጉዳይ የግሉ ነው»

የቤት ውስጥ ጥቃት ወንጀል ነው። ፍሎይድ ሜይዌዘር የልጆቹን እናት በመምታቱ ተፈርዶበት በ2012 ሁለት ወር ታስሯል። ዳኛዋ ግን በግንቦት ወር የነበረውን ግጥሚያ እንዲያደርግ እስሩ የሚጀምርበትን ቀን ወደ ኋላ አዘግይታለት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ከማኒ ፓኪያዎ ጋር ሲገጥም በቦክስ ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ገንዘብ ተገኘ። ሜይዌዘር በመከላከል ጥበብ አቻ የሌለው ቦክሰኛ ነው፤ ልጆች ያንን ቢያጠኑ ደስ ይለኛል። ቪዲዮውን የሚያሳያቸው አሠልጣኝ ግን ስለ እስሩም ሊነግራቸው ይገባል።