የብሬክ ቁጥሮች በዘጠኝ ኳስ ፑል፦ ከዓለም ሻምፒዮና እስከ ሀዋሳ ፑል ቤቶች

በዘጠኝ ኳስ ፑል ብሬክ ጨዋታውን የሚከፍተው ምት ነው። ተጫዋቹ ነጯን ከመነሻው መስመር ጀርባ ያስቀምጥና በአልማዝ ቅርጽ ከተደረደሩት ዘጠኝ ኳሶች ፊት ለፊት ያለችውን 1 ቁጥርን መትቶ ይበትናል። ኳስ ካስገባ ተራው የራሱ ነው፤ ካላስገባ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ዝቅተኛ ቁጥር ያላትን ኳስ አስቀድሞ መንካት ግዴታ ሲሆን፣ 9 ቁጥርን በሕጉ መሠረት ያስገባ ያሸንፋል። የብሬክ ስታቲስቲክስ ይህ አንድ ምት ምን እንዳመጣና ጨዋታውን ወዴት እንደወሰደው በቁጥር የሚይዝ መዝገብ ነው።

ሀዋሳ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ አካባቢ ባሉ ፑል ቤቶች የሚዘወተረው ጥቁሯ 8 ቁጥር በመጨረሻ የምትገባበት የአሥራ አምስት ኳስ ጨዋታ ነው። ዘጠኝ ኳስን አብዛኛው ወጣት የሚያውቀው በስልኩ ከሚያያቸው የውጭ ውድድሮች ነው። ክርክሩ ግን እዚህም አለ። አንዱ «ብሬክ ጉልበት ነው» ሲል ሌላው «ዕድል ነው» ይላል። በውድድሮች የተሰበሰቡ ቁጥሮችን በጥንቃቄ ላነበበ ሰው ሁለቱም መልሶች አያጠግቡም፤ ከጉልበቱም ከዕድሉም በላይ የሚወስነው ኳሶቹ የተደረደሩበት መንገድና የውድድሩ ደንብ ነው።

በዓለም አቀፍ ውድድር የሚሠራበት ጠረጴዛ የመጫወቻ ሜዳው 254 በ127 ሴንቲ ሜትር ነው። እያንዳንዷ ኳስ 57.15 ሚሊ ሜትር ስፋት አላት። በብሬክ ምንም ኳስ ካልገባ ቢያንስ አራት ኳሶች ጠርዝ መንካት አለባቸው፤ አለበለዚያ ፋውል ይሆናል፣ ተጋጣሚውም ነጯን በእጁ ይዞ የፈለገበት ቦታ ያስቀምጣታል። ከሕጋዊ ብሬክ በኋላ ተረኛው ተጫዋች «ፑሽ አውት» የማለት መብት አለው፤ ይኸውም 1 ቁጥር ከተሸፈነችበት ነጯን የትም ገፍቶ ምርጫውን ለተጋጣሚው መተው ነው።

መዝጋቢዎች ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገር ይቆጥራሉ፦ ብሬኩ ያለ ፋውል ኳስ አስገባ ወይ፣ በታኙ ጨዋታውን አሸነፈ ወይ፣ ተጋጣሚው ስቲክ ሳያነሳ ጠረጴዛውን ጨረሰ ወይ። ሦስቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሲደባለቁ ግን ስህተት ይወልዳሉ። ለማስረዳት ያህል የተመዘገበ ሳይሆን የታሰበ ምሳሌ እንውሰድ። 100 ብሬክ ተደርጎ በ60ው ኳስ ገባ፣ ከእነዚህም በ25ቱ በታኙ እስከ 9 ቁጥር ጨረሰ እንበል። አንዱ ተንታኝ «ከብሬክ የመጨረስ መጠኑ 25 በመቶ ነው» ይላል። ሌላው የሚያካፍለው ለተሳኩት ብሬኮች ብቻ ስለሆነ «42 በመቶ ገደማ ነው» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ለስንት እንዳካፈሉ ካልነገሩን ግን ቁጥራቸውን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይቻልም።

በዚያው ምሳሌ በታኙ ኳስ ከገባባቸው 60 ጨዋታዎች 36ቱን፣ ምንም ካልገባባቸው 40ዎቹ ደግሞ 16ቱን አሸነፈ እንበል። በጠቅላላው 52 አሸንፏል። «52 በመቶ» የሚለውን ብቻ የሰማ ሰው መበተን ጥቅም የለውም ብሎ ያልፋል። ዝርዝሩን ያየ ግን ኳስ ሲገባ 60 በመቶ፣ ሳይገባ 40 በመቶ መሆኑን ያገኛል። የብሬክ ዋጋ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። ስለዚህ የአንድ ውድድር ቁጥር ሲነገረኝ መጀመሪያ የምፈልገው ባዶ ብሬክ፣ ማለትም ምንም ኳስ ያልገባበት፣ ለብቻው ተለይቶ መቆጠሩን ነው።

ወደ ድርድሩ ጠጋ ብለን እንይ። ከ9 ቁጥር ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ኳሶች የክንፍ ኳሶች ናቸው። ዘጠኙም ኳሶች ያለ ክፍተት ከተጣበቁና 1 ቁጥር የጠረጴዛው ነጥብ (ድርድሩ የሚቆምበት ምልክት) ላይ ከተቀመጠች፣ ከጎን በኩል በትክክል ለሚመታ ሰው የክንፍ ኳሷ ወደ ማዕዘኑ ቀዳዳ የምትሄደው ራሷን ችላ ነው። 1 ቁጥርም ወደ መሐለኛው ቀዳዳ ታመራለች። ይህን ያወቀ ሰው ኃይል አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2001 ኮሪ ዱኤል በዩናይትድ ስቴትስ ኦፕን የዘጠኝ ኳስ ውድድር ፍጻሜ ሚካ ኢሞነንን 11 ለ 0 ሲያሸንፍ የተወራለት በለስላሳ ብሬኩ ነበር። ቀስ ብሎ የተመታ ድርድር ኳስ ይሰጣል፣ ነጯም መሐል ሜዳ ትቀራለች፣ የቀሩት ኳሶችም የት እንደሚቆሙ አስቀድሞ ይታወቃል።

አዘጋጆች መልስ መፈለጋቸው አልቀረም። አንዱ የሦስት ነጥብ ሕግ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ኳሶች ቀዳዳ መግባት ወይም ወደ መነሻው መስመር መድረስ አለባቸው፣ ይህም ለስላሳውን ምት ይከለክላል። ሌላው በቅርብ ዓመታት ማችሩም የተባለው አዘጋጅ ድርጅት በሚያካሂዳቸው ውድድሮች የተለመደው 9 ቁጥርን ነጥቡ ላይ ማስቀመጥ ነው። 9 ቁጥር ያለችው በሦስተኛው ረድፍ ስለሆነ ድርድሩ በሙሉ ወደ በታኙ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠጋል። ሲያዩት ኢምንት ይመስላል። የክንፍ ኳሷ አቅጣጫ ግን ከቀዳዳው አፍ ወጥቶ ጠርዝ ላይ ያርፋል። በተጨማሪም በታኙ ነጯን ከጎን ጠርዝ አጠገብ እንዳያስቀምጥ በመሐል የተሰመረ ሳጥን ውስጥ እንዲወሰን ተደርጓል። ስለዚህ 1 ቁጥር ነጥቡ ላይ በነበረችበት ዘመን የተሰበሰበን የብሬክ መቶኛ ከዛሬው ጋር አነጻጽሮ «ተጫዋቾች ተዳክመዋል» ማለት ትልቅ በደል ነው።

የድርድሩ መሣሪያም እንዲሁ ነው። የእንጨት ሦስት ማዕዘን በኳሶች መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ሊተው ይችላል። ጨርቁ ላይ የሚነጠፈው ስስ የፕላስቲክ ቅርጽ ግን ኳሶቹን አጣብቆ ይይዛል፣ ብሬኩም ይበልጥ ተገማች ይሆናል።

በፑል ውድድር ቁጥር የመያዝ ባህልን በሰፊው ያስተዋወቀው ፓት ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያቋቋመው አኩ-ስታትስ የተባለ ድርጅት ነው። መለኪያው ያስገባኸውን ኳስ፣ ያስገባኸውና የሠራኸው ስህተት ተደምረው ለሚሆኑት ማካፈል ነው፤ 90 ኳስ አስገብቶ 10 የተሳሳተ 0.900 ያገኛል። ይህም ከፍተኛ ደረጃ ላለው ጨዋታ ምልክት ተደርጎ ይታያል። መለኪያው የሚመዝነው ግን አጠቃላይ አጨዋወትን ስለሆነ የብሬክን መዝገብ አይተካም።

ማን እንደሚበትን የሚወስነው ደንብም ቁጥሩን ያጣምማል። ያሸነፈው በሚበትንበት ሥርዓት አንድ ሰው የመጀመሪያውን ብሬክ አግኝቶ 11 ለ 2 ቢያሸንፍ፣ ከ13ቱ ብሬኮች 11ዱ የእሱ ናቸው፣ የተሸናፊው ሁለት ብቻ። በመፈራረቅ ቢሆን ግን 7 ለ 6 ይሆን ነበር። የመጀመሪያው ዓይነት ውድድር ድምር በብርቱዎቹ ብሬክ የተሞላ ነው፣ መቶኛውም ከፍ ብሎ ይታያል። የሚሰራጩት ግጥሚያዎች ብዙ ጊዜ የታዋቂዎቹ መሆናቸው ሲጨመርበት፣ በቪዲዮ የተቆጠረው ቁጥር ውድድሩን በሙሉ አይወክልም።

ተከታታይ ድል ሌላው ፈታኝ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ዳላስ ውስጥ አሥር ጨዋታ በተከታታይ ከብሬክ ለሚጨርስ አንድ ሚሊዮን ዶላር ተመድቦ ነበር፤ ኤርል ስትሪክላንድ አደረገው። ከብሬክ የመጨረስ ዕድል ሁልጊዜ ከአራት አንድ ቢሆንና እያንዳንዱ ጨዋታ ከቀደመው ነጻ ቢሆን፣ አሥር በተከታታይ የሚገኘው ከ1,048,576 አንዴ ነበር። ዕድሉ ከሁለት አንድ ቢሆን ግን ከ1,024 አንዴ ይሆናል። ልዩነቱ የት እንደሚፈጠር የተጫወተ ሰው ያውቀዋል፦ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራውን የነጯን ቦታና ፍጥነት ያገኘ በታኝ ደጋግሞ ያገኘዋል። ስለዚህ የውድድር አማካይ የአንድን ምሽት ግለት አያስረዳም። አምስት ጊዜ የዩናይትድ ስቴትስ ኦፕንን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮናን ያሸነፈው ሼን ቫን ቦኒንግ በብሬኩ የሚፈራው ለጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ ነጯን መሐል ሜዳ ማቆም መቻሉም ነው።

ይህን ሁሉ ወደ ሀዋሳ ጠረጴዛ ስናመጣ መጠንቀቅ ያለብን ብዙ ነው። ፑል ቤቶቻችን ያሏቸው ጠረጴዛዎች ከውድድሩ ያነሱ ስለሆኑ ከተበተኑ በኋላ ኳሶቹ ይተፋፈጋሉ፤ አንዱ ሌላውን ይዘጋል። በክረምት የሐይቁ እርጥበት ጨርቁ ውስጥ ሲገባ ኳስ ይከብዳል፣ ነጯም ቶሎ ትቆማለች። በረንዳ ላይ ያለ ጠረጴዛ አቧራ ስለሚጠጣ የቆሸሹ ኳሶች ሲነካኩ ይያያዛሉ። ከሁሉም በላይ ግን ድርድሩ የሚቆምበትን ቦታ ማየት ነው። በብዙ ሺህ ብሬክ የተመታ ጨርቅ ላይ የ1 ቁጥር መቀመጫ ጠልቃ ትንሽ ጎድጓዳ ትሠራለች፤ ኳሷ ወደዚያች ትንከባለልና ከኋላዋ ካሉት ሁለት ኳሶች ከአንዷ ትለያለች። ከመበተን በፊት ጎንበስ ብሎ የስልክ መብራት በኳሶቹ መካከል ማብራት በቂ ነው፤ ብርሃን ካለፈ ክፍተት አለ፣ ያም ብሬክ ለብቻው መመዝገብ አለበት።

መዝገቡ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ብሬክ ማን እንደበተነ፣ ነጯ ከየት እንደተነሳች፣ ክፍተት መኖር አለመኖሩ፣ የገቡት ኳሶች፣ ፋውል፣ 1 ቁጥር ለቀጣዩ ምት መታየት አለመታየቷ፣ አሸናፊው። ብዙዎች የሚረሱት ስድስተኛውን ነው፤ ኳስ ገብቶ 1 ቁጥር ከተሸፈነች በታኙ ብዙ አላገኘም። 9 ቁጥር በብሬክ የገባችበት ጨዋታም ለብቻው ይጻፍ።

ብዛቱ ላይ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። እውነተኛ መጠኑ 55 በመቶ የሆነ ተጫዋች በ20 ብሬክ ብቻ ቢለካ ከ33 እስከ 77 በመቶ ያለ የትኛውም ውጤት ሊወጣለት ይችላል። በ500 ብሬክ ክልሉ ከ51 እስከ 59 ገደማ ይጠብባል። ከጎን መበተን ከመሐል ይሻል እንደሆነ፣ ማለትም 50 በመቶን ከ60 በመቶ ለመለየት፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት ወደ 390 ብሬክ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ብቻውን ይህን ለመሙላት ረጅም ጊዜ ይወስድበታል። አንድ ጠረጴዛ የሚጋሩ ጓደኛሞች ግን በአንድ ደብተር እየጻፉ፣ የበታኙን ስም ለይተው፣ የክረምቱንና የበጋውን ገጽ ሳያደባልቁ ሊሞሉት ይችላሉ።