ባዘቶው አበባ አይደለም፦ ስለ ጥጥ የሚወሩ ስህተቶች

በዓል ሲመጣ ከራስ እስከ እግራችን ጥጥ ለብሰን እንወጣለን። ተክሉን ግን አብዛኛው ከተሜ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ለዚህ ይመስለኛል ስለ ጥጥ የሚወራው ብዙ ነገር ልክ የማይመጣው።

«ነጩ ነገር የጥጥ አበባ ነው»

አይደለም፣ አበባው ሌላ ነው። ጥጥ የባሚያና የከርከዴ ዘመድ ነው። የባሚያ አበባ ያየ ሰው የጥጥንም አይቷል ማለት ይቻላል። በብዛት የሚዘራው ዝርያ ጠዋት ላይ ነጣ ያለ አበባ ይከፍታል፣ በማግስቱ ወደ ሮዝ ይለወጣል፣ ከዚያ ይረግፋል። በቦታው አረንጓዴ ፍሬ ይቀራል። ነጩ የሚወጣው ፍሬው ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ፣ ደርቆ ሲሰነጠቅ ነው።

ታዲያ ነጩ ነገር ምንድን ነው? የዘሩ ፀጉር! እያንዳንዷ ጭረት ከዘሩ ቅርፊት ላይ የበቀለች አንዲት ሕዋስ ናት። አንዲት ሕዋስ ብቻዋን እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትረዝማለች። እናቶቻችን በመዳመጫ ሲዳምጡ የሚለያዩት ይህንኑ ነው፣ ዘሩን ከፀጉሩ።

«ጥጥ በተፈጥሮው ውሃ ይመጥጣል»

ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ሁለት ብርጭቆ ውሃ አቅርቡ። አንዱ ላይ ቁንጥር ባዘቶ፣ ሌላው ላይ ከፋርማሲ የተገዛ ጥጥ ጣሉ። የፋርማሲው ወዲያው ርሶ ይሰምጣል። ባዘቶው ግን ውሃውን እምቢ ብሎ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ምክንያቱ ሰም ነው። ጥሬ ጥጥ እያንዳንዱ ጭረት ላይ ስስ የሰም ሽፋን አለው። የሕክምናው ጥጥ በኬሚካል ተቀቅሎ ሰሙ ወጥቶለታል።

«ጥጥ ሁሌ ነጭ ነው»

ቡናማም አረንጓዴም አለ፣ ያውም ሳይነከር። ጭረቱ ብዙ ጊዜ አጭር ስለሆነ ፋብሪካ አይወደውም፣ ነጩም እንደፈለጉ ይቀለማል።

«የግብፅ ጥጥ መሠረቱ ግብፅ ነው»

የሆቴል አንሶላ ላይ በኩራት የሚጻፈው የግብፅ ጥጥ ዘሩ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። ግብፅ ውስጥ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በመሐመድ አሊ ዘመን ነው። ጎሲፒየም በሚባለው የጥጥ ወገን ውስጥ ወደ 50 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉ። ሰው ያለመዳቸው 4 ብቻ ናቸው፣ ሁለቱ የአሜሪካ፣ ሁለቱ የአፍሪካና የእስያ። ዛሬ ከዓለም ምርት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከአንዱ የአሜሪካ ዝርያ የሚገኝ ነው።

በእኛ በኩል ደግሞ ጥጥ ከአዋሽ ሰፋፊ እርሻዎች ጋር የመጣ የሚመስለው አለ። እርሻዎቹ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ንጉሥ ኢዛና ግን በ4ኛው ክፍለ ዘመን ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ በዛሬዋ ሱዳን ይኖሩ የነበሩትን ኖባዎችን ሲወጋ የእህልና የጥጥ ማከማቻቸውን እንዳጠፋ ይናገራል። በእርግጥ ጥጡ የኖባዎች እንጂ የአክሱም አይደለም። ቢሆንም ጎረቤታችን ጎተራ ውስጥ ያኔ ጥጥ ነበር ማለት ነው።

«የሀገር ባህል ልብስ ሁሉ የእጅ ፈትል ነው»

ሸማኔ ጠይቁ። ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፣ በእንዝርት የተፈተለው ማጉ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ድር ተወጥሮ ስለሚሠራ ጠንካራና እኩል ክር ይፈልጋል። ማጭበርበር የሚመጣው ሰው ሠራሹ ጥጥ ነው ተብሎ ሲሸጥ ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ጥርጣሬ ከገባችሁ ከዘርፉ አንድ ክር ለምኑና በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ሲበርድ ጠጣር እንክብል ሆኖ ይቀራል። ሬዮን የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ግን እንደ ጥጥ ስለሚነድ በዚህ አይያዝም።

«ጥጥ ፍሬ ከብት ከበላው ለዶሮም ይሆናል»

ይሄኛው ኪሳራ ያመጣል። ሲዳመጥ በክብደት ከጭረቱ ዘሩ ይበልጣል። ከእሱ ዘይት ይጨመቃል፣ የተረፈው ፋጉሎ ይሆናል። ነገር ግን ተክሉ ራሱን ከተባይ የሚከላከልበት ጎሲፖል የሚባል መርዝ ዘሩ ውስጥ አለ። ያደገ በሬ ወይም ላም ጨጓራ ውስጥ ያሉ ተህዋስያን አብዛኛውን ያከሽፉታል። ዶሮ እንዲህ ያለ ጨጓራ የላትም። ጥጃም ገና የእናቱን ወተት የሚጠባ ከሆነ አቅሙ የለውም። ለሰው የሚሆነው ዘይትም የተጣራው ነው፣ ማጣሪያው ጎሲፖሉን ያወጣዋል። በየሰፈሩ ተጨምቆ ሳይጣራ የሚሸጥ የጥጥ ፍሬ ዘይት ካጋጠማችሁ እለፉት።

«ቢቲ ጥጥ መድኃኒት አይረጭበትም»

ኢትዮጵያ በዘረመል የተለወጠውን ቢቲ ጥጥ ለንግድ እርሻ የፈቀደችው በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ተክሉ የሚያመርተው ፕሮቲን የሚገድለው ፍሬውን የሚቦረቡረውን ትል ነው። ክሽክሽና ነጭ ዝንብን የመሳሰሉ የተክሉን ፈሳሽ የሚመጥጡ ተባዮች ግን አይነካቸውም። ስለዚህ ገበሬው ለትል የሚረጨው ይቀንስለታል እንጂ ማሳውን መፈተሽ አይቀርለትም፣ ሲበዙበትም መርጨቱ አይቀርም።