ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚመጣ ትውከት፦ መከላከያው ከመተኛት በፊት ይጀምራል

በሙሉ ሰመመን ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው 10 ሰዎች 3ቱ ያህል በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ያስታውካሉ። የሚያቅለሸልሻቸው ደግሞ ከዚያም ይበዛሉ። አስታማሚ "ሰመመኑ አልተስማማትም" ይልና ያልፈዋል። ግን ማንን እንደሚይዘው ቀድሞ መገመት ይቻላል፤ በብዙ ሰው ላይ ማስቀረትም ይቻላል።

በጀርመንና በፊንላንድ ታካሚዎች ላይ ተመሥርቶ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የአፕፈል መለኪያ አራት ነገር ብቻ ይጠይቃል። ሴት መሆን፣ ሲጋራ አለማጨስ፣ ከዚህ በፊት ከሰመመን በኋላ ማስታወክ ወይም መኪና ላይ መጥወልወል፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ ማስታገሻ መውሰድ። አንዱም ከሌለ አደጋው 10 በመቶ አካባቢ ነው። ከአንድ እስከ አራት ሲደርስ በቅደም ተከተል 20፣ 40፣ 60 እና 80 በመቶ ይሆናል።

አሁን ይህን ወደ አዲስ አበባ ዳርቻ እናምጣው። ከሰበታ ወደ አለርት፣ ከገላን ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ፣ ከሱሉልታ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለእንቅርት፣ ለሐሞት ጠጠር ወይም ለማህፀን እጢ የምትመጣ እናት አብዛኛውን ጊዜ አታጨስም፤ ስለዚህ ገና አልጋ ሳትይዝ ሁለት ነጥብ አላት። ሚኒባስ ውስጥ ሎሚ እያሸተተች ከመጣች ሦስት። ፔቲዲን ወይም ትራማዶል ከታዘዘላት አራት ሞላ! የሐሞት ከረጢትና የማህፀን ኦፕራሲዮን በራሱም ይጨምርበታል። (ሲጋራ ጀምሩ እያልኩ አይደለም፤ ሳንባውም ቁስሉም ይጎዳል።)

ስለዚህ ሰመመን ሰጪው ቀድሞ መጥቶ "መኪና ያስመልስሻል?" ሲል ወሬ ለማድመቅ አይደለም። በይሉኝታ "ደህና ነኝ" ማለት እዚህ ጋ አይሠራም።

መድኃኒቶቹ ብርቅ አይደሉም። ዴክሳሜታሶን ከ4 እስከ 8 ሚሊግራም ሰመመኑ ሲጀመር ይሰጣል፤ ነቅተው ሳሉ በፍጥነት ከተወጋ መቀመጫ አካባቢ ኃይለኛ ማሳከክ ስለሚያመጣ እንቅልፍ ከወሰደ በኋላ መስጠቱ ይመረጣል። የደም ስኳርንም ከፍ ያደርጋል፤ ስኳር ያለበት ሰው ይናገር። ኦንዳንሴትሮን 4 ሚሊግራም ኦፕራሲዮኑ ሊያልቅ ሲል ይሰጣል። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ከ5 ሺህ በላይ ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት እያንዳንዳቸው አደጋውን በሩብ ያህል እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ሁለቱን ማጣመር ከአንዱ ይሻላል፣ ምክንያቱም የሚሠሩበት መንገድ የተለያየ ነው። ሁሉም የሚያውቀው ፕላሲል በተለመደው 10 ሚሊግራም ደካማ ነው፤ እኔ ብሆን በእሱ ብቻ አልተማመንም።

ከመርፌው ባልተናነሰ የሰመመኑ ዓይነት ይወስናል። እንደ ሃሎቴንና አይሶፍሉሬን ያሉ በትንፋሽ የሚገቡ ሰመመኖች ያቅለሸልሻሉ፤ ፕሮፖፎል በደም ሥር ሲሰጥ ይቀንሳል። ቦታው ከፈቀደ በጀርባ የሚሰጠው ማደንዘዣ ሙሉ ሰመመኑን ያስቀራል። ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ፣ ቁስሉ ዙሪያ ከሚወጋ ማደንዘዣ ጋር፣ የሞርፊኑን መጠን ያሳንሳሉ።

ጾሙ ላይ ግን እናበዛለን። የተለመደው ሕግ ለምግብ 6 ሰዓት፣ ለውሃና ወተት ለሌለው ሻይ 2 ሰዓት ነው፤ አጥሚትና ወተት ከምግብ ይቆጠራሉ። ሆኖም "ምንም አትቅመሱ" የተባለ ሰው ከማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ተራው እስኪደርስ እስከ ቀትር ይቆያል፣ ሰውነቱ ደርቆ ይገባል፣ ድርቀት ደግሞ ማቅለሽለሹን ያባብሳል። እስከ ስንት ሰዓት ውሃ እንደሚፈቀድ ጠይቁ። በቂ ግሉኮስ ወይም ሌላ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠትም ያግዛል።

ያለ መድኃኒት የሚሠራ አንድ ዘዴም አለ። ከእጅ አንጓ ሦስት ጣት ወደ ክርን ከፍ ብሎ፣ በሁለቱ ጅማቶች መሀል ያለውን ቦታ መጫን። ጥናቶች ማቅለሽለሹን እንደሚቀንስ አሳይተዋል፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

ከነቁ በኋላ ዘመድ ቸኩሎ አያስቀምጣቸው። ሾርባው በጉንጭ በጉንጭ ይሁን። የዚያኑ ዕለት ወደ ቤት የሚላክ ሰው መንገዱ ጎርባጣ ከሆነ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ፌስታል ይያዝ። ትውከቱ ከአንድ ቀን ካለፈ፣ አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ከታየበት ወይም ሆድ ከተነፋ ግን በሰመመኑ ማመካኘት ቀርቶ ወደ ሆስፒታል መመለስ ነው።